ኮርሳዬና የጋሽ ይርጉ ብረት

ልጄ ቤዛ ባለፈው ሳምንት በስልኬ አንድ ፎቶ ላከችልኝ። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ጥርሱ እንደ ሰዓት ውስጥ ዕቃ የረቀቀ የብስክሌት ማርሽ ነው። ከሥሩ፣ «እማ፣ የብስክሌቴን ማርሽ አውጥቼ ይህንን ላስገጥም ወይስ ባለኝ ልቀጥል? የባለሙያ ምክር እፈልጋለሁ» ብላ ጽፋለች። ባለሙያ ያለችው እኔን ነው። ቤዛ አዲስ አበባ የምትሠራ ነርስ ናት፤ እሁድ እሁድ ከጓደኞቿ ጋር ወደ ሱሉልታ የምትወጣበት የኮርሳ ብስክሌት አላት። እኔ ደግሞ ደብረ ብርሃን ተቀምጬ ጡረታዬን የምበላ የስፖርት መምህርት ነኝ። ከመምህርነቱ በፊት ለዞኑ ቡድን ስድስት ዓመት ጋልቤያለሁ።

«ቀይሪው» ወይም «ተዪው» ብሎ መመለስ ምን ያቅታል? ጽፌ አጠፋሁት፤ ደግሜ ጽፌ አጠፋሁት። ድንች እየላጥኩ አሰብኩት፤ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አሰብኩት። ብረት በብረት ስለ መለወጥ የሚጠየቅ ጥያቄ ሁሉ ወደ ትውልድ ከተማዬ ወደ ሞላሌ፣ ወደ አንድ የጥርና የየካቲት ሰሞን እንደሚጎትተኝ ልጄ በምን ታውቃለች? ነግሬያት አላውቅም።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝም። አባቴ ልጅ ሳለሁ ሞቷል፤ እናቴ የበግ ሱፍ ትፈትላለች፣ ፈትሉን ለሸማኔ ትሰጣለች፣ የተሠራውን ባና በገበያ ቀን መሬት ላይ ዘርግታ ትሸጣለች። እኔ ከአጠገቧ ቁጭ ብዬ ባና የሚዳስሱ እጆችን ስመለከት ዕድሜዬ እዚያው ሲያልቅ ይታየኝ ነበር። ሥራውን ንቄ አይደለም። ግን አንዲት ሴት በደመወዝ የምትኖርበት ዓለም እንዳለ ሰምቻለሁ፤ ከሰማሁ በኋላ ደግሞ እንቅልፍ አልወስድ ብሎኝ ነበር።

ኮርሳውን ያመጣልኝ የእናቴ ወንድም ነው። ከደብረ ብርሃን መሐል ሜዳ የሚመላለስ አውቶቡስ ይነዳ ነበርና አንድ ቀን ከጣሪያው ላይ ከፍየሎችና ከጆንያዎች መካከል አሮጌ ቀይ ብስክሌት ፈትቶ አወረደልኝ። «ከምትበሳጪ ንጂው» አለኝ። በዓመት ውስጥ እስከ ቀየት፣ እስከ መሐል ሜዳ ደርሼ መመለስ ጀመርኩ። ኪሴ ውስጥ በማር የታሸ በሶ እይዛለሁ፤ ከነፋሱ ጋር ስታገል እሱን እየገመጥኩ ነው። መንገዱ ያኔ ጠጠር ነው፤ ጎማ የፈነዳበት ጊዜ ከዕድሜዬ ቁጥር ይበዛል። ሰው መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ዝም አለ፣ በመጨረሻ በእኔ መልእክት ይልክ ጀመር።

ከዚያ ከጥምቀት በኋላ ወሬው መጣ። የዞኑ የብስክሌት ቡድን አዲስ ሴት ጋላቢዎች ሊመርጥ ነው፤ ከውድድሮቹ አንዱ ከሞላሌ ይነሣል። አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ የሚወጡት ደብረ ብርሃን ማደሪያ ይሰጣቸዋል፣ ደመወዝ ይቆረጥላቸዋል። ለሌላው ስፖርት ነበር። ለእኔ ከባናው ምንጣፍ የምነሣበት ቀን ነበር።

ችግሩ ዳገቱ ነው። ውድድሩ ከከተማው ወጥቶ ወንዙን ይሻገርና አንድ የተጠማዘዘ ዳገት ይወጣል፤ ከላይ ረጅም ሜዳ አለ፣ እዚያ ያልቃል። ኮርሳዬ ደግሞ ለዳገት የተሠራ አልነበረም። ከኋላ ጎማው መሐል የተደረደሩት ባለ ጥርስ ክቦች፣ በእኛ አፍ ፒኞን የምንላቸው፣ አምስት ነበሩ። ክቡ በሰፋ ቁጥር ዳገት ይቀላል፤ የእኔ ትልቁ እንኳ ትንሽ ነበር። ሁልጊዜ የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ጉልበቴ ይክድና ወርጄ እገፋለሁ። አጎቴ ከአዲስ አበባ ሌላ ማርሽ እንደሚፈልግልኝ ቃል ገባ፤ የሹፌር ቃል ግን እንደ መንገዱ ነው፣ መቼ እንደሚደርስ አይታወቅም። ቀኑ እየቀረበ ሲሄድ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ብስክሌቱን እየገፋሁ ወደ ጋሽ ይርጉ ቤት ወረድኩ።

ጋሽ ይርጉ አልኩ እንጂ ያኔ «ጋሽ» የሚላቸው አልነበረም። ይርጉ ባለእጁ ነበሩ። የአካባቢውን ማረሻና ማጭድ የሚሠሩ እሳቸው ናቸው፤ የእናቴን እንዝርት ቀሰም እንኳ ጫፉን ያሾሉት እሳቸው ናቸው። እንዲያም ሆኖ በዕድሜ ልጃቸው የሚሆን ሁሉ «አንተ» ይላቸዋል። ሥራቸውን ወስዶ ከቤታቸው እህል አይቀምስም፣ ከዋንጫቸው አይጠጣም። ዓይናቸው ይበላል ይባላል። የሚባለውን ቃል ልጽፈው አልፈልግም፤ አንባቢ ያውቀዋል። እኔም የዚያው ከተማ ልጅ ነበርኩ።

«ይርጉ፣ እንዲህ ያለ ባለ ጥርስ ክብ፣ ግን ሰፋ ያለ፣ ትሠራልኛለህ?» አልኳቸው ከበራፍ ቆሜ።

ወናፉን ተዉና መጡ። ብስክሌቱን ገልብጠው ፔዳሉን በእጃቸው አዞሩት፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ድምፁን አዳመጡ። ካቴናውን በጥፍራቸው ለኩት። «ሠርቼ አላውቅም» አሉ። «ልሞክረው። ባይሆንም ብረት ነው፣ አይቀየመኝም።»

ይህን ሲሉ ባለቤታቸው እትዬ ዘነቡ ገና ከምጣድ የወረደ የገብስ ቆሎ በሰፌድ ይዘው ብቅ አሉ። ሽታው አፌን በምራቅ ሞላው። እጄ ግን ወደ ኋላዬ ሄደ። «ጾም ነኝ» አልኩ።

ማክሰኞ ነው። ጥር ነው። ጾም የሚባል ነገር የለም።

ጋሽ ይርጉ ከብስክሌቱ ቀና ሳይሉ፣ «ማክሰኞንም የሚጾም ተገኘ እንግዲህ» አሉ። እትዬ ዘነቡ ሰፌዱን ይዘው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ዋሽቻለሁ፤ እንደዚያ ፊቴን ያቃጠለኝ ግን የለም።

ሥራው አሥር ቀን ፈጀ። አጎቴ ጓሯችን የጣለው የአውቶቡስ አሮጌ ፍሪሲዮን ዲስክ ነበር፤ ስስ ግን ጠንካራ ብረት። እሱን ወሰድኩላቸው። ካቴናውን ጥላሸት ቀብተው በክቡ ዙሪያ አሳረፉት፣ እያንዳንዱ ጥርስ የሚያርፍበት ቦታ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ቀረ፤ ከዚያ አንድ በአንድ በሞረድ መቅረጽ ጀመሩ። ከሰዓት በኋላ እየሄድኩ ቁጭ ብዬ እመለከታለሁ። አንዱን ጥርስ ጨርሰው ወደ ብርሃን ያነሡታል፣ በምላሳቸው ጫፍ ይነኩታል፣ ካልጣማቸው እንደገና። አንድ ጊዜ አሥራ ስምንት ጥርስ ከወጣለት በኋላ ክቡን ወደ ቁርጥራጩ ክምር ወረወሩት። «ምነው?» አልኩ። «አንዷ ዋሸች። አንዷ ከዋሸች ሁሏም ትዋሻለች» አሉና ከዲስኩ በቀረው ብረት ሌላ ጀመሩ። ሰው ለሥራው እንዲህ ሲጨነቅ ከዚያ በፊት አላየሁም ነበር። ባና የሚዳስሱት እጆች እንኳ እንደዚያ አይዳስሱም።

ሲያልቅ ከአሮጌው ትልቁ ፒኞን ጋር በምስማር መትተው አያያዙት፤ ካቴናው እንዲደርስ ጥቂት ቀለበት ቀጠሉለት። በዚያ ቀን ቆሎ አልቀረበም። ሞረዱ ሲቀመጥ፣ ብስክሌቱ ሲቆም፣ እትዬ ዘነቡ ከውስጥ አልወጡም። ቆሜ ቀረሁ። ልሂድ ወይስ ልናገር? እኔ ደግሞ አንዴ ካሰብኩ አልመለስም።

«እትዬ ዘነቡ፣ ቆሎ የለም?» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

ከዚያ ጋሽ ይርጉ፣ «ዛሬ ማክሰኞ አይደለም መሰለኝ» ብለው ሳቁ። ቆሎው መጣ፣ የገብስ ጠላም መጣ። ጠላው ወፍራም፣ ትንሽ ጭስ ጭስ የሚል ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ «እርስዎ» አልኳቸው። ደፋር መስዬ እንዳልታይ እዚሁ ልናገር፤ ያንን ቆሎ የበላሁት የምፈልገው ነገር እጃቸው ላይ ስለነበረ ነው። ሐቁ ይኸው ነው።

ከሁለት ቀን በኋላ የአጎቴ ካርቶን ደረሰ። ከአዲስ አበባ፣ በቅባት ወረቀት የተጠቀለለ ሙሉ ማርሽ፤ ስድስት ፒኞን፣ ቀጭን ካቴና፣ ማርሽ መቀየሪያው እንደ ብር የሚያበራ። የአዲሱን ትልቁን ክብ ከጋሽ ይርጉ ክብ ጋር ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። የአዲስ አበባው አንሶ ከእሳቸው ክብ ሥር ጠፋ።

«ይህንን አልገጥምም» አልኩት አጎቴን።

አጎቴ ካፖርቱን እንኳ አላወለቀም ነበር። «ሰው ዘመናዊ ዕቃ ከደጁ ሲደርስለት በደስታ ያለቅሳል፤ አንቺ ከፍሪሲዮን የተቀደደ ብረት ትመርጫለሽ?»

«ውድድሩ ዳገት ነው።»

«ዳገቱን ስትጨርሺስ?»

በዚያ ሰሞን ከተነገረኝ ሁሉ ብልህ ጥያቄ እሷ ነበረች። አልሰማኋትም። በማግስቱ ዳገቱን ከሥር እስከ ላይ ሳልወርድ ወጥቼዋለሁና ከዚያ በኋላ ጆሮዬ ተደፍኖ ነበር።

የውድድሩ ዕለት ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ አደረ። ከዓለም ከተማ፣ ከመሐል ሜዳ፣ ከደብረ ብርሃን የመጡ ሴቶች እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው ይዘላሉ። ዳገቱ ላይ አንድ በአንድ ጣልኳቸው። ከኋላዬ የሚሰማኝ የራሴ ካቴና ብቻ ነበር፤ የጋሽ ይርጉ ብረት ትንሽ ያጉረመርማል እንጂ አንድም ጥርስ አልዋሸችም። ጫፍ ላይ ስደርስ የተሰበሰበው የሞላሌ ሰው እልል አለ። ከዚያ ሜዳው መጣ። እግሬ እንደ ወፍጮ ይሽከረከራል፣ ብስክሌቱ ግን አይፈጥንም፤ ለሜዳ የሚሆነው ትንሹ ፒኞኔ ከዕድሜ ብዛት አልቆ ካቴናው ይዘልበታል። በመጀመሪያ የደብረ ብርሃኗ አለፈችኝ። ሁለተኛዋ አለፈችኝ። ልንጨርስ ስንል የዓለም ከተማዋ፣ አጭር፣ ቀይ ሹራብ የለበሰች ልጅ፣ ትከሻዬን ታክካ አለፈች።

አራተኛ ወጣሁ።

አሠልጣኙ ደግ ሰው ነበር። «አንድ ቦታ በተጠባባቂነት ይዘናል። ከወር በኋላ ደብረ ብርሃን ላይ ለእሷ ብቻ እናወዳድራለን፤ ሜዳ ነው፣ አስፋልት ነው። ነይ» አለኝ። እኔም ለራሴ አላዘንኩም፤ እመጣለሁ አልኩ። ያላሰብኩት ከተማዬን ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ እንደሚባለው ገና ላቤ ሳይደርቅ ወሬው ቀድሞኝ ቤት ገብቶ ነበር። ዳገቱን ቀድማ ወጥታ ሜዳ ላይ ማን ያዛት? ከኋላዋ የተለጠፈው የባለእጁ ብረት ነዋ! ዓይን ያረፈበት ብረት!

እናቴ ይህንን አመነች። አትፍረዱባት፤ ከእኔ በፊት የወለደችው ወንድሜ በሦስት ቀን ትኩሳት ሲሞትባት ዓይን ነው ተብላለች፤ ሌላ ምክንያት የነገራት ሰው የለም። በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን በጠርሙስ ጸበል ይዛ መጣች። ጠዋት ማርሹን ትረጫለች፣ ማታ ትረጫለች። በሳምንቱ ብረቱ ሁሉ ዛገ፤ ብርቱካን መሰለ። ወደ እኔ ዞራ በሹክሹክታ፣ «አየሽ? እየወጣ ነው» አለችኝ። ሳቄ መጣ፤ ፊቷን ሳይ ግን ዋጥኩት። ወደ ጓዳ ገብቼ ዝገቱን በአመድ ፈተግኩ። ጠዋት ትረጫለች፣ ከሰዓት እፈትጋለሁ። እንዲህ እየተባባልን ሁለት ሳምንት ሄደ።

«አውልቂው» የማይለኝ አልነበረም። አጎቴ «የአዲስ አበባውን ግጠሚ፣ እዚያው ካርቶን ውስጥ አርጅቶ ሊቀር ነው» ይላል። ጎረቤት «አውልቂውና ወንዝ ጣዪው» ይላል። እኔም ለደብረ ብርሃን ሜዳ አዲሱ እንደሚሻል ልቤ ያውቃል። ግን ያንን ብረት ማውለቅ ለሐሜቱ ፈርሞ መስጠት ሆነብኝ። እልኽ ያዘኝ። በዚሁ ብረት ካላሸነፍኩ ቀርቶ ይቅር ብዬ ማልኩ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጋሽ ይርጉ ራሳቸው መጡ። ወደ ግቢ አልገቡም፤ አጥሩ አጠገብ ቆመው አስጠሩኝ። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል።

«ያንን ነገር አውልቂው፣ ልጄ» አሉ።

«አላወልቅም! ባወልቀው ያሉት ሁሉ እውነት ሊሆን ነው።»

«ማረሻ የምሠራላቸው ሁለት ሰዎች ዘንድሮ ሌላ ባለእጅ ፍለጋ መሐል ሜዳ ሄደዋል። አንቺ ያንን ብረት ይዘሽ በዞርሽ ቁጥር ወሬው ይታደሳል።»

«ስለዚህ አሸንፌ አሳያቸዋለሁ። ለእርስዎ ስል ነው።»

ተናድደው አይቻቸው አላውቅም ነበር፤ ያኔ አየሁ። ድምፃቸውን ግን አላነሡም። «እኔ በዚህ ሐሜት ውስጥ ተወልጄ አርጅቼበታለሁ። አንቺ ገና ወርሽ ነው። እልኽሽን በእኔ ስም አትነግጂበት» አሉኝ።

ብስክሌቱን ወደ አጥሩ አስጠጋሁት። «ወሬው ባይኖርስ? እንደ ባለሙያ ቢጠየቁ ከዚህና ከአዲስ አበባው የትኛውን ይላሉ?» አልኩ።

ወደ ብስክሌቱ ተመለከቱ። ቁጣው ከፊታቸው ሄደ፤ ሥራ ሲያስቡ የሚመጣባቸው መልክ መጣ። «ደብረ ብርሃን ሜዳ ነው አልሽ? ለሜዳ ያኛው ይሻላል። ይኼ የዳገት ነው፣ ለዳገት ነው የሠራሁት። ማጭድን ይዞ ደን የሚቆርጥ የለም። ግን ዛሬ ነገ እያልሽ በውድድሩ ጠዋት እንዳትገጥሚው፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።» ባርኔጣቸውን አድርገው ሄዱ።

ያን ቀን ሳስብ ዋልኩ። መቀየር አለብኝ፤ ተረታሁ። ግን እንዴት እንደምቀይረው የምወስነው እኔ ነኝ አልኩ። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳየው ስህተቱ እዚህች ላይ ነው፤ ያኔ ግን እንዲህ ያለ ብልሃት ከራሴ በመውጣቱ በደስታ ልፈነዳ ነበር።

በገበያው ቀን፣ ሰው ሲሞላ፣ ካርቶኑን ኮርቻው ላይ አስሬ ኮርሳዬን በገበያው መሐል እየገፋሁ ሄድኩ። በእህል ተራ አለፍኩ፣ በበግ ተራ አለፍኩ፣ እናቴ በባናዎቿ መካከል ቁጭ ብላ አፏን ከፍታ ስታየኝ በእሷም በኩል አለፍኩ። ጋሽ ይርጉ ሁልጊዜ በገበያው ዳር ማጭድና ማረሻቸውን ደርድረው ይቀመጣሉ። ካርቶኑን ከፊታቸው አስቀመጥኩና ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብዬ፣ «ጋሽ ይርጉ! የሜዳውን ማርሽ ይግጠሙልኝ። ከእርስዎ እጅ በቀር የማንም እጅ አይነካውም» አልኩ።

ሰው ተሰበሰበ። እሳቸው ዓይናቸውን አንሥተው ለረጅም ጊዜ አዩኝ። በዚያ ዓይን ውስጥ ምን እንደነበረ አላነበብኩትም፤ ለማንበብም አልቆምኩ። ከኋላ አንድ ሰው፣ «ያሰረው ራሱ ይፍታው!» ብሎ ጮኸ፤ ሳቅ ሆነ። ጋሽ ይርጉ ቀስ ብለው ተነሥተው ከከረጢታቸው ቁልፍ አወጡ።

መጀመሪያ የራሳቸውን ፈቱ። ብረቱን አገላብጠው አዩት፣ በአውራ ጣታቸው ዝገቱን ጠረጉ፣ ከዚያ ሳያዝኑ ከአጠገባቸው ከነበረው ቁርጥራጭ ብረት ላይ ጣሉት። «ማጭድ ይወጣዋል» አሉ። ቀጥለው አዲሱን ከወረቀቱ አወጡት፤ አንድ በአንድ ገጠሙት፣ አጠበቁት፣ ገመዱን ሳቡ፣ እንደገና ፈተው አስተካከሉት። የሳቁት ሰዎች ቀረብ ብለው ማየት ጀመሩ። የኋላው ጎማ ሲሽከረከር፣ ካቴናው ከአንዱ ወደ ሌላው ያለ ድምፅ ሲሻገር፣ እሳቸው እንደዚያ ቀን ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ፈገግ አሉ። የተመልካቹን መኖር የረሱ ይመስለኛል።

እናቴ ከየት እንደመጣች ሳላያት አጠገባችን ቆማ ነበር። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች። «አጥብቀው» አለች። «ብሎኑን አጥብቀው። እንዳይጥላት።»

«እሺ፣ እመቤት» አሉና እንደገና አጠበቁት።

ደብረ ብርሃን ላይ አንደኛ ወጣሁ። እንዲያ በቀላሉ መናገሬ ውድድሩ ቀላል ስለነበረ አይደለም፤ ግን ለዚህ ታሪክ ከዚያ በላይ አያስፈልግም። ስድስት ዓመት ጋለብኩ፣ በማታ ተማርኩ፣ መምህርት ሆንኩ፣ አገባሁ፣ ቤዛን ወለድኩ። ሞላሌ በሄድኩ ቁጥር ጋሽ ይርጉ ቤት ሳልገባ አልመለስም ነበር። «እንዴት ነው ሰዉ?» ስላቸው፣ «ሰላም ነው» ይላሉ ሁልጊዜ። «ማረሻውስ?» «ይሠራል።» እኔም ሐሜቱን በአደባባይ እንደቀበርኩት አምኜ፣ ቆሎዬን በልቼ፣ ደስ ብሎኝ እመለሳለሁ። ከተማው ስለ ድሌ «ያሰረው ፈታላት» እንደሚል ሰምቻለሁ፤ እንደ ቀልድ ቆጥሬ ለሰው እያወራሁ ስቄበታለሁ።

ጋሽ ይርጉ ካረፉ ጥቂት ዓመታት ሆነ። ለቅሶ ሄድኩ። ሰው ሳስቶ ነበር። እትዬ ዘነቡ እጄን ይዘው ከአጠገባቸው አስቀመጡኝና ለቀስተኛው ሲመናመን እንዲህ አሉኝ።

«እውነቱን ልንገርሽ፣ ተቀይመሽ እንዳትሄጂ። ያን ቀን ገበያ መሐል ባታወጪን ኖሮ ሰው እስከ መኸር ይረሳው ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን የሚያስሩም የሚፈቱም ተባልን። አለሚቱ ታጭታ ነበር፤ ታውቂያታለሽ፣ ታላቋ ልጄ። 'ከሚያስር ቤት አንጋባም' ብለው ሽማግሌ ልከው አፈረሱት። ሌላም አልመጣላት።»

መሬት መሬት አየሁ። እጄን ግን አልለቀቁትም።

«ስለ እሱ ብትጠይቂኝ ግን ያን ቀን ወዶታል» አሉ ቀጥለው። «እስኪሞት ያወራው ነበር። 'ገበያው ሙሉ እየሰማ ጋሽ ይርጉ ብላ ጠራችኝ' እያለ ይስቅ ነበር። ለእኛ አልበጀንም፤ እሱ ግን ወዶታል። ሁለቱንም ይዘሽ ሂጂ።»

ሁለቱንም ይዤ መጣሁ። ከሁለቱ የቱ እንደሚከብድ እስካሁን አላወቅሁም። የዚያን ሰሞን ወደ ጋሽ ይርጉ ቤት ስመላለስ አለሚቱ ብዙ ጊዜ እዚያው ነበረች፤ ውኃ ስትቀዳ፣ ከሰል ስታቀብል። በዕድሜ እኩያዬ ናት። ካርቶኑን ኮርቻው ላይ ሳስር አባቷን ልጠይቅ፣ እናቷን ልጠይቅ አላልኩም፤ እሷንማ ከነጭራሹ አላሰብኳትም። ቆራጥ ነሽ ይሉኛል፣ ነበርኩም፤ ዛሬም ነኝ። ቆራጥነቴ ለእኔ ደመወዝ ሆነኝ፣ ቤት ሆነኝ፣ ልጅ ሆነኝ። አለሚቱን ትዳር አሳጣት። ይህንን ጋሽ ይርጉ በሕይወት እያሉ አንድም ቀን አልነገሩኝም፤ ደስታዬን ላለማበላሸት ይመስለኛል፤ ሳስበው ያስለቅሰኛል።

ትናንት ለቤዛ ደወልኩላት። የፎቶው ክቦች ትንንሽ ናቸውና ዳገት የምትወጣ ከሆነ አሮጌውን እንድትይዝ፣ ሜዳ የምትነዳ ከሆነ እንድትቀይር ነገርኳት። «ይኸው ነው? ለዚህ ነው ሳምንት የጠፋሽው?» ብላ ሳቀችብኝ። እኔም ሳቅሁ።

አለሚቱ ሞላሌ ናት፤ ከእናቷ ጋር ትኖራለች። ከለቅሶው ወዲህ ልሂድ ልሂድ እያልኩ ስልኩን አንሥቼ አስቀምጣለሁ። ከእንግዲህ አላስቀምጥም፤ ለሚመጣው ሳምንት የአውቶቡስ ቦታ ይዣለሁ። ይቅርታ ይዤ ሰተት ብዬ ቤቷ አልገባም፤ ሰው ባለበትም አላደርገውም። ብቻዋን ስትሆን አገኛትና መጀመሪያ ልናገር ወይ ብዬ እጠይቃታለሁ። መስማት ካልፈለገች በመጣሁበት አውቶቡስ እመለሳለሁ።